እግሬ ከዳኝ፦ የላላ ቁርጭምጭሚትና ቀዶ ሕክምናው

ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ የሚታጠፍበት ሰው «ያመኛል» ከማለቱ በፊት «እግሬ ይከዳኛል» ይላል። ሐኪም ፊት ተቀምጦም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ከብዙ የሕክምና ቃል ይልቅም ነገሩን ልክ ይገልጸዋል። ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ኳስ ሲጫወት ወይም ደረጃ ሲስት ወለም ብሎት ነበር። አበጠ፣ በለዘ፣ ሁለት ሳምንት አነከሰ፣ ከዚያ ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠጠር ሲረግጥ፣ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲወርድ፣ አንዳንዴም ደልዳላ መሬት ላይ ወሬ ይዞ ሲሄድ እግሩ ድንገት ወደ ውስጥ እጥፍ ይላል። ቀስ በቀስ መሬት መሬት እያየ መራመድ ይለምዳል። እንዲህ እየሄደ መሆኑን ሌላ ሰው እስኪነግረው ድረስ ላያውቀውም ይችላል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጥያቄ «ኦፕሬሽን ያድነኛል ወይ?» የሚል ነው። በደንብ ለተመረጠ ሰው መልሱ አዎ ነው፤ ከመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ይህኛው ጥሩ ስም ያለው ነው። ነገሩ ያለው «በደንብ ለተመረጠ» የሚለው ላይ ነው። ቀዶ ሐኪም የሚጠግነው የላላውን ማሰሪያ ነው፤ እግር የሚከዳው ግን ማሰሪያው ስለላላ ብቻ አይደለም።

የላላው ምኑ ነው?

«ጅማት» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንም ጅማት እንላለን፤ ነርቭንና ደም ሥርን ሳይቀር በዚሁ ስም የሚጠራ አይጠፋም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ጅማት ስል አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውን ብቻ ነው፤ ሌላውን «የጡንቻ ጅማት» እለዋለሁ። ልዩነቱ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል፤ የዚህ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ግማሹ አንዱን ወስዶ በሌላው ቦታ የመተካት ታሪክ ነውና።

ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ታች ሲደርሱ ጫፋቸው ግራና ቀኝ ወርዶ ቅንፍ ይሠራል። በቅንፉ መሃል ታለስ የሚባል አጥንት ይገባል። ታለስ ከፊቱ ሰፋ፣ ከኋላው ጠበብ ያለ ነው። የእግር ጣቶቻችንን ወደ ላይ ስናነሣ ሰፊው ክፍል ቅንፉ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል። ጣቶቻችንን ወደ ታች ስንዘረጋ ግን ጠባቡ ክፍል ይገባና መገጣጠሚያው ትንሽ መላወሻ ያገኛል። ደረጃ ስንወርድ፣ ከዝላይ ስናርፍ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ስናደርግ እግራችን ያለው በዚህ አኳኋን ነው። በዚያች ቅጽበት አጥንቱ የለቀቀውን የሚይዘው ጅማቱ ነው።

በቁርጭምጭሚት የውጭ ጎን ሦስት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ከቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታለስ ይሄዳል። መሃለኛው ወደ ተረከዝ አጥንት ይወርዳል። የኋለኛው ወደ ታለስ ጀርባ ይዞራል። ደካማው የፊተኛው ነው፤ እግር ወደ ታችና ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቀድሞ የሚወጠረውም እሱ ስለሆነ፣ ወለም ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው እሱ ነው። ጉዳቱ ሲከብድ መሃለኛው ይከተላል። የኋለኛው እምብዛም አይነካም። በውስጥ ጎን ያለው ጅማት ሰፊና ብርቱ ነው፤ እግር ወደ ውጭ የሚታጠፍበት አደጋ ከወደ ውስጡ እጅግ ያነሰው በከፊል ለዚህ ነው።

የተበጠሰ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጋጠማል። ሲጋጠም ረዝሞ ከሆነ ግን ላስቲኩ እንዳለቀበት ካልሲ ይሆናል። ቦታው ላይ አለ፣ ግን አይዝም።

ወለም ካላቸው ሰዎች የሚበዙት እስከ ወዲያኛው ይድናሉ። ችግሩ የሚዘልቅባቸው ቀላል ቁጥር አይደሉም፤ እስከ 40 በመቶ የሚያደርሱት ጥናቶች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ቢላዋ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው።

ጅማቱ ሳይላላ የሚከዳ እግር

ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ይቁሙ። ከዚያ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ቁርጭምጭሚትዎ ወዲያ ወዲህ ሲንቀጠቀጥ፣ በውጭ በኩል ያለው የጡንቻ ጅማት ከቆዳው ሥር ብቅ ጥልቅ ሲል ይሰማዎታል። ያ መንቀጥቀጥ ሥራ ነው። ጅማቱና የመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች «እግር ወደ ውስጥ እያጋደለ ነው» ብለው ይናገራሉ፤ በባት የውጭ ጎን ያሉት ፔሮኒየስ የሚባሉ ጡንቻዎች ደግሞ ጎትተው ይመልሱታል። አሁን ወለም ብሎት በሚያውቀው እግርዎ ይሞክሩት። ብዙ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳዩት ይህንን ነበር። ጅማት ሲጎዳ ገመዱ ብቻ ሳይሆን ወሬ አቀባዩም ይጎዳል። ስለዚህ በምርመራ ሲፈተሽ ጥብቅ የሆነ፣ ባለቤቱን ግን በየሳምንቱ የሚጥል ቁርጭምጭሚት አለ። በተቃራኒው በምርመራ ሲያዩት ልልነቱ ግልጽ የሆነ፣ ባለቤቱ ግን ምንም ሳይሰማው ሩጫ የሚሮጥበትም አለ። የመጀመሪያውን ሰው ቀዶ ሕክምና ቢያደርጉለት ጥብቁን ነገር ማጥበቅ ነው፤ ሁለተኛውን መቅደድ ደግሞ ጤነኛን ማሳመም ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፤ እግሩ በምርመራ ላላ፣ ሰውየውንም ይከዳዋል።

ይህም ሆኖ መጀመሪያ የሚሞከረው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር። ፔሮኒየስ ጡንቻዎችን ማጠንከር፣ በአንድ እግር መቆም፣ በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ ሚዛን መጠበቅ፣ ቀስ እያሉ መዝለልና አቅጣጫ መቀየር፤ ስፖርት ሲሠሩም የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ማሰር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎችን ምን እንደሠሩ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ አልጋ ላይ ተኝተው በሙቀትና በማሽን መታከማቸውን ይነግሩኛል። ያ ሕመም ያስታግስ ይሆናል፤ ሚዛን ግን አያስተምርም። ላብ ያላወጣ ፊዚዮቴራፒ እንደተሞከረ አይቆጠር።

ሐኪሙ ምን ያያል?

ዋናው ምርመራ በእጅ የሚደረግ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያንጠለጥላል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ቅልጥሙን ከታች ይይዛል፣ በሌላው ተረከዙን ጨብጦ ወደ ፊት ይስባል፤ ልክ መሳቢያ እንደሚከፍት። የፊተኛው ጅማት ካለ ትንሽ ተንቀሳቅሶ «ገደብ» ይላል። ከላላ ታለስ ተንሸራቶ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከውጨኛው አጥንት ፊት ቆዳው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በዓይን ይታያል። ከዚያ ተረከዙን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ ስለ መሃለኛው ጅማት ይናገራል። ሁልጊዜም ሌላኛው እግር አብሮ ይፈተሻል፤ ሲፈጠር ጀምሮ መገጣጠሚያው ሁሉ ልል የሆነ ሰው አለና።

ኤክስሬይ አጥንቱን ያሳያል፤ ቆመው ቢነሡት ይሻላል። ኤምአርአይ ጅማቱን ያሳያል። ነገር ግን ኤምአርአይ የሚነሣው ተኝተው ነው፤ ጅማቱ ጠባሳ እንዳለው ይነግራል እንጂ ሲቆሙበት ይይዝ አይይዝ አይነግርም። ወረቀቱ ላይ «ተበጥሷል» የሚል ቃል ስላዩ ብቻ ለቀዶ ሕክምና የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። የኤምአርአይ ዋና ጥቅም ሌላ ነው፤ አብረው የተደበቁትን ጉዳቶች ማውጣት። እግር በታጠፈ ቁጥር ታለስ ከቅንፉ ጋር ይጋጫል፤ የላዩ ልም አጥንት ሊሰነጠቅ፣ ቁራጩ ሊላቀቅ ይችላል። ፔሮኒየስ የጡንቻ ጅማቶችም በረጅሙ ሊተረተሩ ይችላሉ። ልም አጥንቱ የተጎዳበት ሰው ማሰሪያውን ብቻ ቢያጠብቁለት እግሩ መክዳቱን ያቆማል፣ ሕመሙ ግን ይቀጥላል። ዋና ቅሬታዎ መክዳት ሳይሆን የማያቋርጥ ሕመም ከሆነ፣ የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይግቡ።

በጣም የሚረሳው ምርመራ ደግሞ ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ነው፤ ታማሚውን ባዶ እግሩን አቁሞ ማየት። የእግሩ ቅስት ከፍ ያለ፣ ተረከዙም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይዳዳዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከፊት ለፊት ሲያዩት ተረከዙ ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ብቅ ይላል፤ ሐኪሞች ለዚህ ምልክት ከሕፃናት የድብብቆሽ ጨዋታ የወሰዱት ስም አላቸው። ምሰሶው የዘመመ ድንኳን ገመዱን ቢያጠብቁት ምን ይጠቅማል? ገመዱ እንደገና ይረግባል። እንዲህ ያለ ሰው ከጅማቱ ጥገና ጋር ተረከዙን የሚያቀና ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል፤ የተረከዙ አጥንት ተቆርጦ ቦታው ይስተካከልና በብሎን ይታሰራል። ከተጠገኑ በኋላ እንደገና ከላሉ እግሮች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት መጀመሪያ ላይ ይህ ያልታየላቸው ናቸው።

ከተራቀቀው ወደ ቀላሉ

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ እንደ ልማዱ ከቀላል ወደ ውስብስብ አልሄደም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩት ዘዴዎች፣ ዋትሰን ጆንስና ኤቫንስ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1969 ክሪስማንና ስኑክ ያወጧቸው፣ አጭሩን የፔሮኒየስ የጡንቻ ጅማት በሙሉ ወይም በከፊል ወስደው፣ በአጥንት ላይ በተበሳ ቀዳዳ አሾልከው፣ ቁርጭምጭሚቱን የሚያስሩ ነበሩ። እግሩ ይጠብቅ ነበር። ግን ገመዱ የተፈጥሮውን መንገድ ስላልተከተለ ከታለስ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ጭምር አሰረ፤ ሰዎች ያልተስተካከለ መሬት ላይ እግራቸው ግትር አለባቸው። ከዚያም ባለፈ፣ እግር እንዳይታጠፍ ከሚጠብቁት ሁለት ዘበኞች፣ ከረጅሙና ከአጭሩ ፔሮኒየስ፣ አንዱን ሽጦ አጥር እንደማጠር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 ስዊድናዊው ቀዶ ሐኪም ሌናርት ብሮስትሮም ሌላ ነገር አሳየ። ከጉዳቱ በኋላ ዓመታት ቢያልፉም የተበጠሰው ጅማት ጫፎች ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው፤ ፈልጎ አግኝቶ፣ አሳጥሮ፣ በቦታው መስፋት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ጉልድ አንድ ነገር ጨመረበት፤ በእግር ጀርባ ላይ የጡንቻ ጅማቶችን እንደ መቀነት የያዘውን ጠንካራ ሽፋን ሳብ አድርጎ በጥገናው ላይ መደረብ። የሁለቱን ስም የያዘው ብሮስትሮም ጉልድ እስከ ዛሬ አብዛኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ዘዴ ነው።

ሲሠራ እንዲህ ነው። ታማሚው በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል፣ ወይም ከወገቡ በታች ይደነዝዛል። ብዙ ሐኪሞች በቅድሚያ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የመገጣጠሚያውን ውስጥ ያያሉ፤ የተላቀቀ ቁራጭ ካለ ያወጣሉ፣ የተጎዳ ልም አጥንት ካለ ያክማሉ። ከዚያ በውጨኛው አጥንት ጫፍ ፊት ለፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆዳ ይከፈታል። በዚህ አካባቢ ቀጫጭን የስሜት ነርቮች ያልፋሉ፤ ጣቶችን ወደ ታች ሲዘረጉ በአንዳንድ ሰው እግር ጀርባ ላይ ከቆዳው ሥር እንደ ክር የሚወጠረው ከእነሱ አንዱ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም ታማሚው ሳይተኛ ያንን ክር በእስክሪብቶ ያሰምርበታል። ጅማቱ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚያምር ገመድ አይደለም፤ የሳሳ፣ ጠባሳ የለበሰ ጨርቅ ነገር ነው። ከአጥንቱ ጠርዝ ይላቀቃል። አጥንቱ ላይ መልህቅ የሚሏቸው፣ ክር የተያያዘባቸው ጥቃቅን ብሎኖች ይገባሉ። ረዳቱ እግሩን ቀጥ፣ ትንሽም ወደ ውጭ አድርጎ ይይዛል፤ በዚሁ አኳኋን ጅማቱ አጥሮ ከመልህቁ ጋር ይታሰራል፣ የጉልድ መደረቢያም ይሰፋበታል። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ያ የመሳቢያ ፈተና ይደገማል። አሁን «ገደብ» ማለት አለበት።

ይኸው ሥራ በካሜራ ብቻ በትንንሽ ቀዳዳዎችም ይሠራል፤ በለመደ እጅ ውጤቱ ከክፍቱ ጋር የሚቀራረብ ነው። በጥገናው ላይ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጥብጣብ መደረብም እየተለመደ መጥቷል፤ ጅማቱ እስኪድን ሸክሙን ይካፈላል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ግን ራሱ ግትርነት ያመጣል። ከባድ ክብደት ላለው ወይም ቶሎ ወደ ሜዳ መመለስ ላለበት ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ለሁሉም ሰው ግድ ነው የሚለውን አልቀበልም።

የራስ ጅማት የማይበቃበት ጊዜም አለ። አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ክንዱን የሚነካ፣ ክርኑና ጉልበቱ ከልክ በላይ የሚዘረጋ ሰው መላ ማሰሪያው በተፈጥሮው ልል ነው፤ ልሉን አሳጥሮ መስፋት ብዙ አይቆይም። ቀድሞ ተጠግኖ የከሸፈ፣ ወይም ጅማቱ ፈጽሞ የጠፋበትም እንዲሁ። ለእነዚህ ከጉልበት ውስጠኛ ጎን የሚወሰድ ቀጭን የጡንቻ ጅማት ወይም ከለጋሽ የተገኘ ይተከላል። ከድሮዎቹ ዘዴዎች የሚለየው አዲሱ ገመድ የሚዘረጋው ትክክል የፊተኛውና የመሃለኛው ጅማት በነበሩበት መሥመር መሆኑና ዘበኛው ጡንቻ አለመነካቱ ነው።

ከዚያስ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግር ከልብ ከፍታ በላይ የሚሰቀልበት፣ በጀሶና በክራንች የሚታለፍ ጊዜ ነው። ስፌቱ ከወጣ በኋላ ወደ ሕክምና ቦት ይገባል፤ ብዙ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ መርገጥን ይፈቅዳሉ። ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ይጀመራል፤ ወደ ውስጥ ማጠፍ ግን እስከ ስድስተኛው ሳምንት ግድም ክልክል ነው። ከዚያ ቦቱ በመደገፊያ ይተካና እውነተኛው ሥራ ይጀምራል። ቀለል ያለ ሩጫ በሦስተኛው ወር አካባቢ፣ ግጭትና መታጠፍ ያለበት ስፖርት ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይሞከራል፤ ጅማት ለተተከለለት እስከ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ማታ ማታ ማበጡ ብዙ ወር ቢቆይ አያስደንግጥ። ቀኝ እግሩ የተሠራ ሰው ፍሬን በኃይል መርገጥ እስኪችል አይነዳም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ዘግይቶ ስለሚድን አስቀድሞ ቢያቆም ለራሱ ነው።

በደንብ ከተመረጡ ሰዎች ከ10 ወደ ዘጠኙ የሚጠጉት ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ውጤት ያገኛሉ። ቀሪው ዕዳ ይኸው ነው፦ በእግር ጀርባ ወይም በውጭ ጎኑ መደንዘዝ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ ግትርነት፣ እንደገና መላላት፣ እምብዛምም ቢሆን በባት ውስጥ የደም መርጋት። ባት በድንገት ካበጠና ከታመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ዝም ብተወውስ?» የሚለውም ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ስፖርት የማይሠራ፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ብቻ የሚታጠፍበት ሰው በመደገፊያና በእንቅስቃሴ መኖር ይችላል። ለዓመታት ደጋግሞ የሚታጠፍ እግር ግን ልም አጥንቱ እየተበላ ወደ አርትራይተስ ሊያመራ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው አርትራይተስን በእርግጠኝነት ያስቀራል ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ካጋጠመዎት ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል።

ወደዚያ መሬት መሬት እያየ ወደሚሄደው ሰው ልመለስ። በሦስተኛው ወር እግሩን ቢፈትሹት ጥብቅ ነው፤ ሰውየው ግን አሁንም መሬቱን ያያል። ቀዶ ሐኪሙ የሰፋው ገመዱን ነው፤ ወሬ አቀባዩ ገና ነው። ጥሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአንድ እግሩ ሰሌዳ ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ቆሞ ኳስ ይወረውርለታል። ኳስ የሚቀልብ ሰው እግሩን ማየት አይችልም።